ማሳሰቢያ፦ ክፍሉ በድንገት ሲዘጋ

በመካነ ሰላምና በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ለሚያስተምር፣ ለሚማር፣ ልጁን ለሚያስተምርም ሁሉ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ብዙ ሳይቆዩ ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው ሸኙ። የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ ትምህርት በኢንተርኔት እንዲቀጥል አደረገ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪው ግን ላፕቶፑም መስመሩም ስላልነበረው ወራቱን ቤቱ ተቀምጦ አሳለፈ። ግቢዎች እንደገና መከፈት የጀመሩት በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ተመራቂዎችን በማስቀደም ነበር። በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች የሚያስተምረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ያ ፈተና የደረሰበት ገና በጀማሪነቱ ዘመን ነው።

ግቢዎቹ ከተከፈቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ሌላ ዓይነት መቋረጥ መጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። በመጀመሪያው ጊዜ የተዘጋው ክፍሉ ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ የተዘጋው ክፍሉን ይተካል የተባለው መስመር ነው። ለአንዱ ብቻ የተዘጋጀ ለሌላው ባዶ እጁን ይቆማል። ይህ ማሳሰቢያ ለሁለቱም ነው። ወረርሽኝ ይሁን ግጭት፣ የመንገድ መዘጋት ይሁን የግቢ ውሃ መጥፋት፣ ተማሪን ወደ ቤቱ የሚመልስ ነገር ሲመጣ ማን ምን ያድርግ፣ ከምንስ ይጠንቀቅ የሚለውን በተራ ያስቀምጣል።

ከሁሉ በፊት

በዚያው መጋቢት 2012 የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ጊዜ ሲዘጉ፣ ቻርልስ ሆጅስ የተባሉ አሜሪካዊ የትምህርት ቴክኖሎጂ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጠቃሚ ጽሑፍ አወጡ። ታስቦበት የሚሰናዳ የኢንተርኔት ኮርስ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዝግጅት ይፈልጋል አሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሯሩጦ የሚጀመረው ግን የድንገተኛ ጊዜ የርቀት ትምህርት ነው፤ ሥራውም ችግሩ እስኪያልፍ ተማሪውን ከትምህርቱ እንዳይለይ ማድረግ ነው። ስለዚህ ከድንገተኛው የታቀደውን ያህል ውበት አንጠብቅ። የሚጠበቅበት ሁሉም ዘንድ መድረስ ነው።

ለእኛ አገር ደጋ ደግሞ መድረስ የራሱ ጣጣ አለው። መካነ ሰላም ከደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚወርዱት ሸለቆዎች የስልክ ሞገድን ይከልላሉ፤ አንዱ ተማሪ ኔትወርክ ለማግኘት ጋራ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ወረዳው ከተማ ይወርዳል። ስለዚህ ኢንተርኔትን እንደ ገበያ ቀን እንቁጠረው። የገጠር ሰው በሳምንት አንድ ቀን ገበያ ወጥቶ ጨውና ሳሙናውን ይሸምታል፣ የሚሸጠውን ይሸጣል፣ ሳምንቱን ግን የሚኖረው ቤቱ ነው። ተማሪውም በሳምንት አንድ ቀን መስመር ወዳለበት ወጥቶ ትምህርቱን ይጫን፣ የሠራውን ይላክ፣ ተመልሶም ቤቱ ያጥና። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ለመምህራን፦ ይደረግ

1. ተማሪዎችዎን አስቀድመው ይወቁ። ከግቢ ሳይወጡ በአንድ ገጽ ወረቀት ይጠይቋቸው፦ የምትሄዱት ወደ የትኛው ወረዳና ቀበሌ ነው? ስልካችሁ ኢንተርኔት ይከፍታል ወይስ ለመደወል ብቻ ነው? ኔትወርክ ከቤታችሁ ምን ያህል ይርቃል? መብራት አለ? ኮርሱን የሚለኩት ከዝርዝሩ መጨረሻ ባለው ተማሪ ነው። ከአርባ ተማሪ ሠላሳው ደርሶት አሥሩ ከቀረ፣ ክፍሉ ቀጥሏል ማለት አይቻልም።

2. በሳምንት አንድ ጥቅል ይላኩ። ቀኑ አይቀያየር። በጥቅሉ ውስጥ አንድ አጭር ጽሑፍ፣ አንድ ወይም ሁለት የድምፅ ገለጻ፣ አንድ የሚሠራ ጥያቄ ይኑር። ሁሉም ተደምሮ ከ10 እስከ 15 ሜጋባይት ባይበልጥ መልካም ነው። ፋይሉንም በኮርሱ ስምና በሳምንቱ ቁጥር ይሰይሙት፤ «አዲስ ዶክመንት» የሚል አሥር ፋይል የደረሰው ተማሪ የትኛውን እንደሚያስቀድም አያውቅም።

3. ድምፅን ከቪዲዮ ያስቀድሙ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የቡድን ቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት 800 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። በሳምንት ሦስት ሰዓት ያለው አንድ ኮርስ 2.4 ጊጋባይት ይሆናል፤ አምስት ኮርስ ያለው ተማሪ በሳምንት 12 ጊጋባይት ሊያስፈልገው ነው። በ32 ኪሎቢት የተቀዳ የ15 ደቂቃ ድምፅ ግን 3.6 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ሦስት ቅጂ 11 ሜጋባይት አይሞላም። ተማሪው ድምፁን አቁሞ፣ መልሶ፣ ከብት እየጠበቀም ቢሆን ሊሰማው ይችላል።

4. ጽሑፉን ይተይቡ። ሀንድአውትን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ መላክ ፋይሉን ያከብደዋል፣ ፊደሉንም ያደበዝዘዋል። ከዚህም የባሰ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ የሚጠቀምበት የጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ፎቶን ማንበብ አይችልም። መስማት ለተሳነው ተማሪ ደግሞ የድምፁ ፍሬ ነገር በጽሑፍ ይከተል።

5. ቀንና ሰዓትን አፍታተው ይናገሩ። ብዙዎቹ የማስተማሪያ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት የፈረንጅ ቀንና የፈረንጅ ሰዓት ነው። መተግበሪያው «8 PM» ሲል እኛ ከምሽቱ ሁለት እንላለን፤ በዚህ ብቻ አሳይመንቱ ያለፈበት ተማሪ ይኖራል። «ዓርብ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብለው ይጻፉ። ማስረከቢያው ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ ሰዓት፣ ከበዓላትም ጋር እንዳይጋጭ ያድርጉ።

6. ማስታወቂያና ጥያቄ የየራሳቸው ቦታ ይኑራቸው። በቴሌግራም ከሆነ እርስዎ ብቻ የሚጽፉበት ቻናል ለትምህርቱ፣ ሁሉም የሚጽፍበት ግሩፕ ለጥያቄ ይሁን። በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል ተማሪ በሦስት መቶ የሰላምታ መልእክት መሀል አሳይመንቱን ፍለጋ አይባዝን።

7. ክፍልዎ የመላ አገሪቱ ክፍል መሆኑን ያስታውሱ። ተማሪው የተመደበው ከወለጋም ከጅግጅጋም ከወላይታም ነው፤ ሲበተንም የሚሄደው ወደዚያው ነው። ማብራሪያውን ሁሉ በአማርኛ ብቻ ካደረጉት የማይከተልዎ አለ። የማስተማሪያውን እንግሊዝኛ ቀለል አድርገው ቢናገሩት ለሁሉም ይደርሳል።

ለመምህራን፦ አይደረግ

8. የክፍሉን ፕሮግራም እንዳለ ወደ ቀጥታ ቪዲዮ አይገልብጡ። የፕላዝማን ትምህርት እናስታውስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው ትምህርት መብራት ጠፋ ብሎ አይጠብቅም፣ ተማሪ አልገባኝም ቢል አይመለስም ነበር። በዚያ ያለፈ ሁሉ የጎደለውን ያውቃል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር የቀጥታ ሌክቸር ያንኑ ጉድለት ይዞ ይመለሳል።

9. ኦንላይን ስም እየጠሩ መገኘትን አይመዝኑ። የስም ጥሪው የሚለካው የተማሪውን ትጋት ሳይሆን የቀበሌውን የስልክ ማማ ነው። መለኪያዎ ሠርቶ የላከው ሥራ ይሁን።

10. ካሜራ እንዲከፍት አያስገድዱ። ቤተሰብ በሙሉ በአንድ ክፍል የሚኖርበት ቤት አለ። ተማሪው ቤቱን ለጓደኞቹ ማሳየት ግዴታ የለበትም።

11. ዝምታን ስንፍና አያድርጉት። ሁለት ሳምንት ድምፁ የጠፋ ተማሪ ካለ አንድ ጊዜ ይደውሉለት፤ ካልሠራ በክፍል ተወካዩ ወይም በአገሩ ልጆች በኩል ያጠይቁ። ታሞ ይሆናል፣ ስልኩ ተሰብሮ ይሆናል፣ ቤተሰቡ ተፈናቅሎ ይሆናል። ከአምስት ደቂቃ ጥሪ በኋላ የሚታወቀው ነገር ከአምስት ማስጠንቀቂያ መልእክት ይበልጣል።

12. የተግባር ትምህርትን በወሬ አይተኩት። ቤተ ሙከራ፣ የሆስፒታል ልምምድ፣ ወርክሾፕ በስልክ አይሰጥም። ንድፈ ሐሳቡን አሁን ይጨርሱ፣ ተግባሩን ተማሪው ሲመለስ በተከታታይ ሳምንታት ያካክሱ፤ ይህንንም ከመጀመሪያው በግልጽ ይንገሩት። ተግባሩን ሳይነካ የተመረቀ ነርስ ወይም ኤሌክትሪሺያን ጉዳቱ ከራሱ አልፎ ሌላው ሰው ላይ ይደርሳል።

ስለ ፈተናና ውጤት

13. በሰዓት የታጠረ ፈተና በኢንተርኔት አይስጡ። ከሠላሳ ጥያቄ አሥራ ሁለተኛው ላይ መስመር የተቋረጠበት ተማሪ ያላወቀው ነገር የለም፤ የጎደለው ኔትወርክ ነው። ሥራውን ለሰባት ቀን ይስጡ።

14. ተቀድቶ የማይመጣ ጥያቄ ያውጡ። ተማሪው በየቀበሌው መበተኑ እዚህ ላይ ጥቅም ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ የአካባቢውን ገበያ የጤፍና የገብስ ዋጋ አራት ሳምንት መዝግቦ ለምን ወጣ፣ ለምን ወረደ ብሎ ይተንትን። የግብርና ተማሪ በአባቱ ማሳ ላይ ያለውን እርከን ለክቶ ይሳል፤ በልግና መኸር እንዴት እንደሚለያዩ ከሽማግሌ ጠይቆ ይጻፍ። የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ በአቅራቢያው ያለ ድልድይ ወይም የውሃ ማፋሰሻ ለምን እንደተጎዳ ያስረዳ። አርባ ተማሪ አርባ የተለያየ መልስ ያመጣል፤ ከሌላ ሰው ቀድቶ ማቅረብም ይከብዳል።

15. ጥርጣሬ ካለ የቃል ጥያቄ ይጠይቁ። ለመደወያ ብቻ የሚሆን ስልክ ያለውም ቢሆን አሥር ደቂቃ ሊያናግርዎ ይችላል። የጻፈውን የሚያውቅ ያስረዳል። ከጥሪው በፊት ቀኑንና ሰዓቱን በኤስኤምኤስ ይንገሩት።

16. ውጤት በግሩፕ አይለጥፉ። የመታወቂያ ቁጥር ብቻ ቢሆንም ጓደኛ ከጓደኛው ቁጥር አይጠፋውም። ለየብቻ ይላኩ።

17. ላልደረሰው ተማሪ «ኤፍ» አይስጡ። ሥራው ያልተጠናቀቀበት ምክንያት መስመር ከሆነ፣ በሬጅስትራር ደንብ መሠረት ያልተሟላ ውጤት ተይዞለት ሲመለስ ይጨርስ። የትምህርት ክፍሎች ይህን ለየመምህሩ ርኅራኄ ሳይተዉ አንድ ወጥ ውሳኔ ያድርጉት።

ለተማሪዎች፦ ይደረግ

18. ከዶርም ሳትወጡ ቅዱ። ሞጁሉን፣ ሀንድአውቱን፣ የቆዩ ፈተናዎችን በፍላሽና በስልካችሁ ሚሞሪ ያዙ። የመምህራንን፣ የክፍል ተወካዩንና የሦስት ጓደኞቻችሁን ስልክ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ስልክ ሲጠፋ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል።

19. በቴሌግራም ፋይል በራሱ እንዳይወርድ አድርጉ። በቅንብሮች ውስጥ «ዳታና ማከማቻ» የሚለውን ከፍታችሁ ፎቶና ቪዲዮ በራስ ሰር ማውረድን አጥፉ። አለዚያ የገዛችሁት ጥቅል የአሳይመንቱ ፋይል ሳይወርድ በሰርግ ቪዲዮ ያልቃል።

20. ዳታ የሚረክስበትን ሰዓት እወቁ። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል። ከባዱን ፋይል ሌሊት አውርዱ፣ ቀን ያለ ዳታ አንብቡ። ጋራ ወጥቶ ኔትወርክ መፈለግ ግን በቀን ይሁን፤ በሌሊት ለብቻ አትውጡ።

21. አንዱ ያውርድ፣ ሌላው ይቀበል። በአንድ አካባቢ ያላችሁ ሦስትም አራትም ሆናችሁ ተራ ግቡ። የዚህ ሳምንት ጥቅል አንዱ ይግዛ፤ ለሌሎቹ በዜንደር ወይም በብሉቱዝ ያስተላልፍ። ከስልክ ወደ ስልክ ለማሳለፍ ዳታ አያስፈልግም። አብራችሁም አጥኑ፤ ብቻውን የተቀመጠ ተማሪ ቶሎ ይሰለቻል።

22. ማስታወሻውን በእጅ ጻፉ። የስልክ ባትሪ ያልቃል፣ ደብተር አያልቅበትም። የሠራችሁትን ፎቶ ስታነሱ በቀን ብርሃን፣ ከበር ወይም ከመስኮት አጠገብ፣ ጥላችሁ ሳያርፍበት አንሱ። በየገጹ ላይ ስምና መታወቂያ ቁጥር ይኑር፤ ገጾቹንም በካም ስካነር ወይም በመሰል መተግበሪያ ወደ አንድ ፋይል ሰብስቡ።

23. ችግራችሁን ቶሎ ተናገሩ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ኤስኤምኤስ ይበቃል፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ ነኝ፣ መታወቂያ ቁጥሬ ይህ ነው። ያለሁት ወግዲ ነው። ኔትወርክ የማገኘው ቅዳሜ ብቻ ነው። የሁለተኛው ሳምንት ፋይል አልደረሰኝም። አመሰግናለሁ።» ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ መቼ እንደምትገኙ፣ ምን እንደጎደላችሁ በአንድ መልእክት ታወቀ ማለት ነው።

ለተማሪዎች፦ አይደረግ

24. በስልካችሁ የደረሰ የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አትስጡ። «ከሬጅስትራር ነው የምደውለው» ብሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው የቴሌግራም ወይም የቴሌብር መለያችሁን ሊወስድ ነው። ፈተና ወጣ፣ ውጤት እናስተካክላለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቀውም እንዲሁ ሌባ ነው።

25. የሴት ተማሪዎችን ስልክ አትበትኑ። ግሩፕ ውስጥ ያለ ቁጥር ከግሩፑ አልፎ እየተዘዋወረ የስንቷን ሰላም ነሥቷል። ሁላችሁም በቴሌግራም የግላዊነት ቅንብር ስልክ ቁጥራችሁን ከማያውቋችሁ ሰዎች ሸሽጉ። የሚያስቸግር ካለ መልእክቱን ሳታጠፉ ለተወካይ ወይም ለሥርዓተ ፆታ ክፍሉ አሳውቁ።

26. ለሌላው አትሥሩለት። ጓደኛን ማስረዳት መልካም ነው፤ ሙሉ አሳይመንቱን ጽፎ መስጠት ግን ለመውጫ ፈተናው ዕለት ባዶውን ማስቀረት ነው። የመውጫ ፈተና በኮምፒውተር ፊት ለብቻ ተቀምጦ የሚወሰድ ነው፤ ቤት ውስጥ የተሸፈነ ክፍተት እዚያ ይገለጣል።

ለወላጆች

27. ልጃችሁ ቤት ቢሆንም ትምህርት ላይ ነው። በቀን ቢያንስ ሁለት ሰዓት የማይነካ የጥናት ጊዜ ይኑረው። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ጉልበቱ እንደሚያስፈልግ ማንም አይስተውም፤ ስለዚህ አብራችሁ ተነጋገሩና ሰዓቱን ቁረጡ። ማለዳ ሥራ፣ ከሰዓት ጥናት ቢሆን ሁለቱም ይሄዳል።

28. የሴት ልጃችሁን ሰዓት ጠብቁላት። ወንዱ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ እሷ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ታናናሾቿን ስትይዝ ቀኑ ይመሻል። ሥራውን ለወንድሞቿ አካፍሉ። ትምህርቱ ቆሟል ብላችሁም ለባል አትስጧት፤ ግቢው ይከፈታል፣ እሷም መመለስ አለባት።

29. ስልክ ላይ ማጎንበስ ሁሉ ጨዋታ አይደለም። ከመቆጣታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ተማርክ? እስኪ አስረዳኝ» በሉት። ያልተማረ ወላጅ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፤ ልጁም ለማስረዳት ሲል ያጠናዋል።

ለዩኒቨርሲቲውና ለትምህርት ክፍሎች

30. በአንድ መንገድ ተስማሙ። አንዱ መምህር በቴሌግራም፣ ሌላው በጉግል ክላስሩም፣ ሦስተኛው በኢሜይል፣ አራተኛው በዙም ከሆነ ተማሪው በአራት ደጅ ሲመላለስ ዳታው ያልቃል። ሙድል የምትጠቀሙ ከሆነ በስልክ መተግበሪያው ኮርሱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ እንደሚቻል ለተማሪው አሳዩት።

31. ማተሚያ ቤቱን አትዝጉ። በየኮርሱ የታተመ አጭር ሞጁል ሁልጊዜ በመጋዘን ይኑር። ተማሪ በሚሸኝበት ዕለት ከትራንስፖርት ገንዘቡ ጋር ወረቀቱንም ይዞ ይውጣ። የርቀት ትምህርት በኢንተርኔት አልተጀመረም፤ የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1971 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ማስተማር ሲጀምር መሣሪያው ፖስታ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን ነበር።

32. በወረዳ ከተሞች መቀበያ ቦታ አዘጋጁ። በአቀስታ፣ በደጎሎ፣ በማህደረ ሰላም፣ በሌሎችም ከተሞች ያለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም የኮምፒውተር ክፍል በስምምነት የተማሪ መቀበያ ሊሆን ይችላል። ትምህርቱ በአንድ ፍላሽ ይደርሳል፤ ተማሪው እዚያው ይቀዳል። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል፤ በየኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ መጫን ይበቃል።

33. ለመምህሩም አስቡለት። ያለ ሥልጠና፣ ያለ ዳታ፣ ያለ ላፕቶፕ «ኦንላይን አስተምር» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ሸክሙን ማሻገር ነው። የዳታ ወጪውን ተቋሙ ይሸፍን፤ ድምፅ መቅዳትንና ፋይል ማሳነስን የሚያውቅ ለማያውቀው በግማሽ ቀን ያሳይ።

ለከተማው ሰው

34. ዋይፋይ ያላችሁ ካፌዎችና ድርጅቶች፣ ደብተር የያዘ ተማሪ በአንድ ሻይ ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ አትገላምጡት። ስልክ የምትቻርጁ ነጋዴዎች ለተማሪ ዋጋ ቀንሱ። የቀበሌ ወጣት ማእከል፣ ዕድሩ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ ያለ ክፍል ካላቸው ለጥናት ቢከፍቱት ወጪው ቁልፍ ማውጣት ብቻ ነው። ግቢ ሲዘጋ ዕቃውን ትቶ የሄደ ተከራይ ተማሪ ካለ፣ አከራዮች ዕቃውን አትጣሉበት።

መስመሩ ጭራሽ ሲቋረጥ

35. ኢንተርኔት ጠፍቶ ስልክ ካለ፣ የሳምንቱ ሥራ በኤስኤምኤስ ይላክ፦ «ሞጁል ገጽ 12 እስከ 20፤ ጥያቄ 3 እና 5፤ በደብተር ሠርተህ አስቀምጥ።» የታተመ ሞጁል በተማሪው እጅ ካለ ይህ አንድ መስመር ሙሉ ሳምንት ያስተምራል። ከሌለ ግን መቶ መልእክትም አይጠቅምም፤ ለዚህ ነው 31ኛው ቁጥር ከሁሉ የሚቀድመው።

36. ስልኩም ከጠፋ፣ ተማሪው በሞጁሉ ላይ በታተመው የሳምንት መርሐ ግብር ይቀጥል። ሥራው በደብተር ይጠበቅ። መንገድ ሰላም ሲሆን በአውቶቡስ ሾፌርና በሚታመን ሰው እጅ መላላክ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ለአሳይመንት ብሎ ማንም ሰው አደጋ ወዳለበት መንገድ አይውጣ። ደብተር መጠበቅ ይችላል።

37. መስመር ሲመለስ ማንም ወዲያው አይፈተን። መጀመሪያ ማን የት ደረሰ የሚለው ይጠየቅ፣ የጎደለው ይሸፈን፣ ከዚያ ይመዘን። በ2013 የተመለሱት ተማሪዎች የተጣበበ የትምህርት ዘመን ነበር የጠበቃቸው፤ ማካካሻን ማጣደፍ ተማሪውን ሁለተኛ ጊዜ መቅጣት ነው።

ዛሬውኑ የሚጀመር

ይህ ሁሉ የሚሠራው ክፍሉ ክፍት ሳለ ከተጀመረ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል በየሴሚስተሩ አንድ የልምምድ ሳምንት ይያዝ። በዚያ ሳምንት አንድ ኮርስ ክፍል ሳይገባ በጥቅል ብቻ ይሰጥ፤ ለማን እንዳልደረሰ፣ የትኛው ፋይል እንደከበደ፣ የትኛው ጥያቄ እንዳልገባ ይመዝገብ። በዚያ ዝርዝር ላይ ስሙ የሰፈረ ተማሪ ገና ግቢ ውስጥ ስለሆነ የጎደለውን መሙላት ይቻላል፤ ስልክ ለሌለው ሞጁል፣ ለማያውቀው ማሳያ፣ ለዓይነ ስውሩ የሚነበብ ፋይል ይዘጋጅለታል። ተማሪው ከተበተነ በኋላ ግን ያው ጉድለት የሴሚስተር ኪሳራ ይሆናል። የልምምዱን ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይወስን፣ ተወካዮች ያስታውሱ፣ የልምምዱ ውጤትም የተማሪ ስም ሳይጠቀስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ይለጠፍ።